ስለ ሕንፃ ሥራ ውልና ስለ ጠበቃ

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ይቆጥራል፤ መሬቱን ያስመረምራል፤ ብልህ ግንበኛ ይፈልጋል፤ ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን በየዋጋው ይጽፋል። ግንቡን ሳይፈጽም ገንዘቡ ያለቀበት ሰው የመንገደኛ ሁሉ መሳቂያ እንደሚሆን በቅዱስ ወንጌል በምሳሌ የተነገረውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በዛሬ ጊዜ ወጪውን ሁሉ ቆጥሮ የጨረሰ አሠሪ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሳይቆጥር ይቀራል፤ ይኸውም ከሥራ ተቋራጩ ጋራ ጠብ ቢነሣ ነገሩን ማን፣ በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ዳኛ ፊት እንደሚያስረዳለት ነው። ጠበቃ የሚፈለገው ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ውሉ ተፈርሟል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ ማስታወቂያ የሚሰጥበትም ቀን አልፏል።

ይህ ነገር ከቀድሞው ይልቅ አሁን የሚያሳስብ የሆነበት ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለሕንፃ ሥራ ከሚያስፈልገው ዕቃ ብዙው፥ ይልቁንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የአሳንሰርና የውኃ መግፊያ መኪና፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ በቀድሞው ዋጋ ውል የተዋዋለ የሥራ ተቋራጭ «በዚህ ዋጋ ልፈጽመው አልችልም» ማለቱ አያስደንቅም። አሠሪውም በበኩሉ «የፈረምኸው ውል ነው፤ ቃልህን ጠብቅ» ቢል ከእውነት የራቀ አይደለም። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት የያዙ ሲመስላቸው ሥራው ይቆማል፤ ብረቱ በዝናብ ይዝጋል፤ ለሕዝብ ይጠቅማል የተባለው ትምህርት ቤት ወይም የሕሙማን ቤት ጣራ ሳይለብስ ክረምት ይመላለስበታል።

እንግዲህ ከሁለቱ የሚረታው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በድምፅ ብርታት ሳይሆን በሕጉ ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ነገር በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይናገረዋል። በቁጥር 1763 እና በ1764 በተራ ሰዎች መካከል የተደረገ ውል፥ አፈጻጸሙ አስቀድሞ ከታሰበው ይልቅ ከባድ ቢሆንም እንኳ እንደ ጸና እንደሚኖር፥ ዳኞችም ሕግ በግልጽ ካልፈቀደላቸው በቀር ለርትዕ ብለው ውሉን ሊለውጡት እንደማይችሉ ደንግጓል። ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል በሚናገረው ክፍል ግን ከቁጥር 3183 ጀምሮ፥ ውል ሲደረግ ሊታሰብ ያልተቻለ ነገር ደርሶ የውሉን ሚዛን ያናጋው እንደ ሆነ ሥራውን ሳያቋርጥ የቀጠለው ተዋዋይ መሥሪያ ቤቱ ከጉዳቱ እንዲካፈል ለመጠየቅ መንገድ ተከፍቶለታል። ስለዚህ በግል አሠሪ ላይ የተነሣው የዋጋ ጭማሪ ጥያቄ በውሉ ውስጥ ስለ ዋጋ ማስተካከያ የተጻፈ ቃል ከሌለ ሊወድቅ ሲችል፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የተነሣው ያው ጥያቄ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሥራውን ያቋረጠ ተቋራጭ መብቱን በገዛ እጁ ያጠፋል፤ ይህን ልዩነት ሳያውቅ «አንዲት ሳንቲም አልጨምርም» ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ሹምም መሥሪያ ቤቱን ለዕዳ ይዳርጋል።

ከዚህ የተነሣ የሕንፃ ነገር የሚያውቅ ጠበቃ የመጀመሪያ ሥራው የውሉን ዓይነት መለየት ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራ የተደረገ ውል ሁሉ የአስተዳደር ውል አይደለም፤ በቁጥር 3132 የተነገረውን መመዘኛ ማሟላት አለበት። ይህም መለየት ለክርክሩ ስፍራ ጭምር ይጠቅማል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 315 የአስተዳደር ውል በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ም የአስተዳደር ውልን ነገር በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ለግልግል ዳኞች አልለቀቀም። እንዲህም ሆኖ ሳለ፥ ከሌላ ስፍራ የተገኘ የውል ጽሑፍ ገልብጠው «ጠብ ቢነሣ በግልግል ዳኛ ይታያል» የሚል ቃል ሳይመረምሩ የሚያስገቡ አሉ። እንዲህ ያለው ቃል በኋላ ጊዜ ራሱ የክርክር መነሻ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት የሚፈጀውም ክርክር ስለ ሕንፃው ሳይሆን ነገሩን ለማየት ሥልጣን ያለው ማን ነው በሚለው ላይ ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን የነገር ዐዋቂነት የሚታየው በአደባባይ ነበረ። በልሃ ልበልሃ ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው፥ በትራቸውን ይዘው፥ በሰምና ወርቅ እየተናገሩ ዳኛውንና ሸንጎውን ለመማረክ ይፎካከሩ ነበር፤ ነገረ ፈጁም የሚመረጠው በአፉ ጥራት ነበር። በዛሬ የሕንፃ ክርክር ግን የሚረታው ርቱዕ አንደበት ያለው ሳይሆን መዝገብ ያለው ነው። የሥራው የቀን ውሎ መዝገብ፣ የመሐንዲሱ ትእዛዝ፣ የርክክቡ ጽሑፍ፣ የክፍያው ምስክር ወረቀት፣ በቀኑ የተላከ ደብዳቤና ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ፊርማ፥ እነዚህ ናቸው ምስክሮቹ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ስፍራ የለም።

ለዚህም አንድ ማስረጃ መጥቀስ ይበቃል። በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመውና ፊዲክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚያወጣው የውል ሥርዓት በአገራችንም በታላላቅ የመንገድና የሕንፃ ሥራዎች፥ ይልቁንም የውጭ አበዳሪ ባለባቸው ዘንድ ይሠራበታል። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ሥርዓት መሠረት ተጨማሪ ጊዜ ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ይገባኛል የሚል ተቋራጭ ነገሩን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ በጽሑፍ ካላስታወቀ ጥያቄው ይወድቅበታል፤ ዝርዝሩንም በ42 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ጠቡ ለውዝግብ ዳኞች ቦርድ የቀረበ እንደ ሆነ ቦርዱ በ84 ቀን ይወስናል፤ ውሳኔውን ያልተቀበለው ወገን በ28 ቀን ውስጥ አለመቀበሉን ካላስታወቀ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፤ ካስታወቀም ወደ ግልግል ዳኝነት ከመሄዱ በፊት 56 ቀን ለስምምነት ይሰጣል። እንግዲህ በ29ኛው ቀን የተቀጠረ ጠበቃ፥ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፥ ያለፈውን ቀን ሊመልስ አይችልም። ሐኪም የሚጠራው ሕመምተኛው ትንፋሽ ሳለው ነው።

የተቋራጩ ነገር ይህ ከሆነ የአሠሪውም መብት እንዲሁ በጊዜ የተወሰነ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ሲናገር ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ስለ ሥራው መልካም አፈጻጸምና ስለ ጽናቱ ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል፤ ከሥራው ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ከተሠራበት መሬት ጠባይ የተነሣ ለሚደርሰውም ጥፋት ኃላፊነት አለበት። ይህንንም ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ እንደሌለው ሕጉ ይናገራል። ብዙ አሠሪዎች ግን ይህን ባለማወቃቸው፥ በውሉ ውስጥ የተጻፈው የአንድ ዓመት የእርማት ጊዜ ካለፈ በኋላ ምንም መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል፤ ተሰንጥቆ ያዘመመውንም ግድግዳ በገዛ ገንዘባቸው ያሳድሳሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ደብር የምእመናኑን አሥራትና ስእለት ሰብስቦ፥ አረጋውያን እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡትን ብር ጨምሮ፥ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ተነሣ እንበል። የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ታማኝና ደግ ሰዎች ያሉበት ነው፤ ተቋራጩም የአጥቢያው ተወላጅ ስለ ሆነ «በመካከላችን ውል ምን ያደርጋል» ተብሎ በሁለት ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። በወረቀቱም ላይ የፈረሙት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው እንጂ ደብሩን ለማስገደድ ሥልጣን ያለው የሰበካ ጉባኤ አይደለም። ጉልላቱ ከመቆሙ በፊት ገንዘቡ አለቀ፤ ተቋራጩ «ተጨማሪ ሥራ ታዝዤ ሠርቻለሁ» አለ፤ ኮሚቴው «አላዘዝንም» አለ፤ ትእዛዙ በቃል ነበረና የሚያስረዳ ጽሑፍ አልተገኘም። ነገሩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ውሉን የፈረመው ሰው ሥልጣን ነበረውን የሚል ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው አልታየም፤ የጎደለው አንድ ሕግ ዐዋቂ በመጀመሪያው ቀን ተጠርቶ ወረቀቱን ቢያየው ኖሮ በግማሽ ቀን ሊያቃናው የሚችለው ነገር ነው። የተጎዳው ግን የድኾች መባ ነው።

ጠበቃን ለመቅጠር የተነሣ ሰው ደግሞ የውክልናውን ወረቀት አጥብቆ መመርመር ይገባዋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ለመሥራት ሥልጣን እንደሚሰጥ፥ በቁጥር 2205 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና መያዣ ለማድረግ፣ ነገርን በስምምነት ለመጨረስ፣ በግልግል ዳኛ ለመዳኘት፣ ስጦታ ለማድረግ፣ በፍርድ ቤትም ከሶ ወይም ተከሶ ለመከራከር ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ስለዚህ «በነገሬ ሁሉ ወክዬዋለሁ» የሚል ሰፊ ቃል ሰፊ መስሎ ይታያል እንጂ በተፈለገበት ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል። በሌላም በኩል ለጠበቃው የማስታረቅን ሥልጣን ሳያስብ የሰጠ ሰው፥ ጠበቃው ያላማከረውን ስምምነት ፈርሞበት ሲያገኘው የሚያማርረው በራሱ ፊርማ ላይ ይሆናል። የሚሰጠው ሥልጣን አንድ በአንድ ይቆጠር፤ ለማስታረቅ የተሰጠውም ሥልጣን «ባለጉዳዩ በጽሑፍ ሲፈቅድ» በሚል ቃል ይታሰር።

ይህ ነገር በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን በብርቱ ይነካል። ብዙዎቹ በድካማቸው ያገኙትን ገንዘብ ልከው በአዲስ አበባ ወይም በተወለዱበት ከተማ ቤት ያሠራሉ፤ ሥራውንም ለዘመድ በጠቅላላ ውክልና አደራ ይሰጣሉ። ዘመዱ ብረትና ሲሚንቶ ለመግዛት፥ ለሠራተኛም ለመክፈል ይበቃል፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ ግን ለመክሰስ የሚያስችል ልዩ ቃል በወረቀቱ ላይ አይገኝም። ያን ጊዜ አዲስ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ ወደ አገር ቤት ተልኮ፣ በሚገባው መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ እስኪቀርብ ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ በዚያም መካከል ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ከመጀመሪያው አንድ ሙሉ ውክልና ለዘመድ፣ አንድ ልዩ ውክልና ለጠበቃ ማዘጋጀት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጠበቃ በምን ይመረጣል ቢባል ስምንና ወሬን መከተል አይበቃም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፈቃድ ያስፈልጋልና ፈቃዱ የጸና መሆኑን መጠየቅ የማያሳፍር ነገር ነው። ሁለተኛ፥ የውርስና የባልና ሚስት ነገር በደንብ የሚያውቅ ጠበቃ ሁሉ የሕንፃን ነገር ያውቃል ማለት አይደለም፤ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰንጠረዥ ማንበብ የሚችል፣ ከመሐንዲስ ጋራ በመሐንዲሱ ቋንቋ የሚነጋገር መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ ለዚያው ተቋራጭ ወይም ለአማካሪው መሐንዲስ ቀድሞ ያገለገለ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ሁለት ጌታ ማገልገል በዚህም ስፍራ አይሆንምና። አራተኛ፥ ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፣ በየትኛው ጊዜ እንደሚከፈል፣ ይግባኝ ቢባል በዚያው ክፍያ ውስጥ መግባቱና አለመግባቱ በጽሑፍ ይወሰን። በአሥር ሺህ ብር ይጀመራል የተባለ ነገር በየቀጠሮው እየተጨመረ ከተከሰሰበት ገንዘብ የሚተካከልበት ጊዜ አለና። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በሽርክና ማኅበር ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የፌዴራል ጠበቆችንም ማኅበር አቋቁሟል። ለታላላቅ የሕንፃ ነገሮች ይህ መልካም ጅምር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የማይዘልቀውን የመዝገብ ክምር ብዙዎች ተካፍለው ሊመረምሩት ይችላሉና።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በኩል ነገሩ የሚቀል አይደለም። በፌዴራል መንግሥት ዘንድ በፍትሐ ብሔር ክርክር የመንግሥትን ጥቅም የማስከበር ሥልጣን የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም ነገረ ፈጆች አሉ። ነገር ግን ነገረ ፈጁ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጨረታው ከተዘጋና ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ የክስ መጥሪያ ሲደርስ መዝገቡ ይሰጠውና «ተከላከል» ይባላል። የውል ረቂቅ ሲዘጋጅ ያልተማከረ ሰው ጠብ ሲነሣ እንዲያድን መጠበቅ፥ መሠረቱን ሳያይ የተጠራ ግንበኛ ጣራውን እንዲያጸና እንደ መጠየቅ ነው።

ለዚህም ከአገራችን ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ሐዲዱን ለማሳደስ ኮንስታ ከተባለው የሥራ ተቋራጭ ማኅበር ጋራ ባደረገው ውል የተነሣው ጠብ በዓለም አቀፍ ግልግል ዳኞች ታይቶ ባቡሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲከፍል ተፈርዶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ብሎ ፍርዱን ሻረው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የውጭ አገር የግልግል ፍርድን ስለ ማወቅና ስለ መፈጸም በኒው ዮርክ የተደረገውን ስምምነት ተቀበለች፤ አዋጅ ቁጥር 1237ም ተዋዋዮች ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የግልግል ፍርድ ወደ ሰበር ማቅረብ እንደሚቻል ወሰነ። እንግዲህ በሰበር የመታየትን መብት ማስቀረት ወይም መጠበቅ የሚወሰነው ውሉ በሚጻፍበት ሰዓት፥ በአንዲት መስመር ነው። ያች መስመር የብዙ ሚሊዮን ገንዘብ መስመር ልትሆን ትችላለች፤ የሚጽፋትም ሰው የሚጽፈውን የሚያውቅ መሆን አለበት።

«ጠበቃ ነገር ያበዛል፤ በሽማግሌ የሚያልቀውን ፍርድ ቤት ያደርሳል» የሚሉ አሉ፤ ይህም ነቀፋ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ቀጠሮ በማራዘም የሚኖር፣ የባለጉዳዩን ቍጣ እያራገበ ኪሱን የሚያራቍት ጠበቃ በየዘመኑ አልጠፋም። ነገር ግን የክፉ ሐኪም መኖር ሐኪምን ሁሉ እንደማያስጠላ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። የሽማግሌ ዕርቅም የአገር ሀብት ነው፤ አዋጁም ለዕርቅ ራሱን የቻለ ስፍራ ሰጥቶታል። ሆኖም ዕርቁ የተጻፈበት ቃል ድንጉር ከሆነ ዕርቁ ራሱ ሁለተኛ ጠብ ይወልዳል። ቀሪው ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ ማን ምን እንደሚከፍል፣ የአሥሩ ዓመት ዋስትና እንደ ጸና መሆኑ ሁሉ በዕርቁ ወረቀት መገለጽ አለበት። መልካም ጠበቃ ሽማግሌዎቹን የሚያባርር ሳይሆን፥ ሽማግሌዎቹ ያስማሙትን ነገር እንዳይፈርስ አድርጎ የሚጽፍ ነው። ለባለጉዳዩም «በዚህ ነገር አትረታም፤ ታረቅ» ለማለት የሚደፍረው ጠበቃ፥ «በእርግጥ ትረታለህ» ከሚለው ይልቅ የታመነ ነው።

ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ ጀምሮ የአገራችን ሊቃውንት ሕግን ሲያነቡና ሲተረጕሙ ኖረዋል፤ ስለዚህ ሕግን የማክበር ልማድ ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። አዲስ የሆነው የሕንፃው ከፍታና የገንዘቡ ብዛት ነው። የሕዝብን ገንዘብ የያዘ ሹምና የእግዚአብሔርን ቤት ገንዘብ የያዘ ካህን ሁለቱም ባለአደራዎች ናቸው፤ ባለአደራም የሚጠየቀው ስለ ደግነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥንቃቄውም ጭምር ነው። ስለዚህ መሐንዲስ በሚጠራበት ቀን ጠበቃም ይጠራ፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ይነበብ፤ የሚፈርመው ሰው ሥልጣን ይታወቅ፤ ትእዛዝ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የማስታወቂያ ቀኖች በቀን መቍጠሪያ ላይ ይመልከቱ። ይህ ሁሉ የሚያስወጣው ገንዘብ ከሕንፃው ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ሲታጣ የሚያስከፍለው ግን ሕንፃውን ራሱን ነው።